የድሩዝ ለቅሶ ቤት ደርሼ ተመለስሁ፤ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?

ዘቀርሜሎስ (ሐይፋ)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት አንብቡልኝ።

በውትድርና አብረን አገልግለን እንደ ወንድም የያዝሁት አንድ ድሩዝ ጓደኛ አለኝ። ቤታቸው ቀርሜሎስ ተራራ ላይ፣ ዳሊያት አል ካርሜል ነው። ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሙ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሰምቼ ሥራዬን ጥዬ ሄድሁ።

እኔ የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ። እናቴ አምቦበር ተወልዳ ያደገች ናት፤ ለቅሶ ሲባል የማውቀው ደረት ሲመታ፣ ሙሾ ሲወርድ፣ ሰው ሰውን ደግፎ ሲይዝ ነው። እዚያ ግን ወንዶቹ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ሰልፍ ሠርተው ቆመዋል። ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌዎች ከፊት ናቸው። የመጣው ሁሉ እጅ እየነሣ፣ አጭር ቃል እየተናገረ ያልፋል። እናትየዋ በሴቶቹ በኩል ነጭ ሻሽ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅ ግን የለም። አንዲት አክስት መቆም አቅቷት ስትጮኽ አንዲት አሮጊት ትከሻዋን ያዝ አድርገው የሆነ ነገር አሏት። በኋላ ጓደኛዬን ምን እንዳሏት ጠየቅሁት። «አሁን እሱ ራሱ በአንዲት እናት እቅፍ ውስጥ እያለቀሰ ነው፤ አንቺ ተይው» ነው ያሏት።

ሌሊቱን ሙሉ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። ጓደኛዬን ስለ እምነታቸው ብጠይቀው «እኔ ጃሂል ነኝ፤ አላውቅም» ብሎ ዝም አለ። አሥር ዓመት አውቀዋለሁ፤ ስለ ሃይማኖቱ ግን ምንም አላውቅም። የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ።

የታሪክ መምህር (ደሴ)

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጓደኛህ «ጃሂል ነኝ» ያለው ራሱን ለማዋረድ አይደለም፤ ስለዚህ ከዚያ ቃል ልጀምር። ድሩዞች ሁለት ወገን ናቸው። ሃይማኖቱን ተምረው ሥርዓቱን ለመጠበቅ ቃል የገቡት «ዑቃል» ይባላሉ፤ አስተዋዮች እንደ ማለት ነው። የቀሩት «ጁሃል» ናቸው፤ ነጠላው ያው እኛ ወሎ ላይ የምናውቀው ጃሂል ነው። ዑቃሎቹ አይጠጡም፣ አያጨሱም፤ ከየት እንደመጣ በማያውቁት ገንዘብ የተገዛ ምግብም አይቀምሱም። ሴትም ዑቃል ትሆናለች። ሐሙስ ማታ የሚሰበሰቡበትን ቤት «ኸልዋ» ይሉታል። የእኛ ሼኾች ከሰው ተለይተው ለዒባዳ የሚገቡበት ኸልዋ እና የእነሱ ኸልዋ ቃሉ አንድ ነው። ሚናራ የለውም፣ ደወል የለውም፣ ግድግዳው ባዶ ነው።

ወደ ታሪኩ ስመጣ፣ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ነገሩ የተጀመረው ካይሮ ነው። በዚያን ጊዜ ግብፅን ይገዙ የነበሩት እስማዒልያ ከሚባለው የሺዓ ክፍል የሆኑት ፋጢማውያን ነበሩ። ስድስተኛው ኸሊፋ አል ሐኪም ከ996 እስከ 1021 ነገሠ። በ1017 ከፋርስ የመጣ ሐምዛ ኢብን ዐሊ የሚባል ሊቅ አዲሱን ጥሪ በይፋ አወጀ። አንድ አል ደረዚ የሚባል ሰባኪ ደግሞ ከመምህሩ ቀድሞ ለመታየት ተሽቀዳደመ፤ ትምህርቱንም አጣመመ። ሐምዛ አወገዘው፤ ብዙም ሳይቆይ ተገደለ። ስሙ ግን በሕዝቡ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሕዝብ ከሺህ ዓመት በላይ በሚያወግዘው ሰው ስም ሲጠራ! እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት «ሙወሒዱን» ብለው ነው፤ የአምላክን አንድነት የሚመሰክሩ ማለት ነው።

በ1021 አንድ ሌሊት አል ሐኪም በአህያው ሆኖ ወደ ሙቀጠም ኮረብታ ወጣ፤ አልተመለሰም። አህያውና በደም የተነከረ ልብሱ ብቻ ተገኙ። ቀጥሎ የነገሠው ኸሊፋ ተከታዮቹን አሳደዳቸው። ሐምዛም ከዓይን ተሰወረ። ከዚያ በኋላ አል ሙቅተና በሃእ አል ዲን የሚባለው መምህር በመልእክት እያጽናና ሕዝቡን ያዘ፤ በ1043 ግን በሩን ዘጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባ የለም። ቅዱስ መጽሐፋቸው «የጥበብ መልእክቶች» ይባላል፤ 111 መልእክቶች ናቸው፤ ዑቃሎች ብቻ ያነቡታል።

ቅኔ ቤት ለዋለ ሰው አስተሳሰባቸው እንግዳ አይሆንበትም። የሕጉ ላይኛ ቃል ሰም ነው፤ እስማዒልያዎች ወርቁን እንፈልጋለን ብለው ተነሡ። ድሩዞች ደግሞ ከሰሙም ከወርቁም ወዲያ ሦስተኛ መንገድ አለ፣ ተውሒድ፣ የአምላክን አንድነት መመስከር፣ የሚባለው እሱ ነው አሉ።

አሮጊቷ ስለተናገሩት ነገር ደግሞ፦ ነፍስ ወዲያውኑ፣ በሞተበት ሰዓት፣ በሚወለድ ሕፃን ትገባለች ብለው ያምናሉ። ሰው ሰው ሆኖ ይመለሳል እንጂ እንስሳ አይሆንም። ይህን «ተቀሙስ» ይሉታል፤ ሥሩም ቀሚስ ነው። ያው እናቶቻችን የሚለብሱት ቀሚስ! ሥጋ ቀሚስ ነው፤ ነፍስ አንዱን አውልቃ ሌላውን ትለብሳለች።

አንባቢ ከሐዋሳ

መምህር፣ አምላክ ይስጥልን። ታዲያ እስላም ናቸው ወይስ አይደሉም? አጭር መልስ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።

የታሪክ መምህር (ደሴ)

ከእስልምና ውስጥ ወጥተዋል። የረመዳን ጾም፣ የመካ ሐጅ፣ አምስት ወቅት ሶላት የላቸውም። ዒድ አል አድሓን ግን ያከብራሉ። ሊባኖስ ላይ የእስልምና አንድ ክፍል ነን የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ እስራኤል ላይ ከ1957 ጀምሮ ራሱን የቻለ የሃይማኖት ማኅበር ተብለው ታውቀዋል። እኔ ራሳቸው በሚጠሩት ስም መጥራቱን እመርጣለሁ።

ወለተ ስደት

ይህን ጽሑፍ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ስድስት ዓመት ከሰባት ወር ሊባኖስ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቤይሩት ነበርሁ፤ የዚያን ቤት ነገር ባላነሣው ይሻለኛል። ፓስፖርቴንም ደመወዜንም ይዘውብኝ ነበር። ቀሪውን ዘመን ያሳለፍሁት ሹፍ በሚባለው ተራራማ አገር፣ በዓቅሊን አጠገብ ባለች መንደር፣ ድሩዝ ቤት ነው።

የቤቱ እናት ዑቃል ነበሩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ነጩን መከናነቢያቸውን እተኩስላቸው ነበር፤ አንድም መጨማደድ እንዲኖርበት አይፈልጉም። ማታ ክፍላቸውን ዘግተው በጨርቅ የተጠቀለለ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ያነባሉ። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ገባሁና ፈጥነው ሸፈኑት። ደንግጬ ይቅርታ ስጠይቅ እጄን ያዙኝና «ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም፤ የወለድሁት ልጄም አይቶት አያውቅም» አሉኝ። ልጃቸው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሐኪም ነበር።

ጠዋት ጠዋት «ማቴ» ይጠጣሉ። ወደ አርጀንቲና ተሰድደው የነበሩ ዘመዶቻቸው ያመጡት ቅጠል ነው። በትንሽ ቅል ውስጥ ቅጠሉ ይደረጋል፣ ሙቅ ውኃ ይፈስበታል፣ በብረት ቀሰም ይመጠጣል። አንዱ ከጠጣ በኋላ የቀሰሙን አፍ በሎሚ ልጣጭ ጠርገው፣ ውኃ ጨምረው ለቀጣዩ ይሰጣሉ። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን በር ላይ ቆሜ አይ ነበር። በሦስተኛው ቀን አሮጊቷ ቀሰሙን በሎሚ ጠረጉና ቅሉን ለእኔ ዘረጉልኝ። ቤይሩት በነበርሁበት ቤት የምጠጣበት ብርጭቆ እንኳን ለብቻው ነበር። ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ሁሉም ደግ ናቸው አልልም። በዚያው መንደር የምትሠራ የአገሬ ልጅ ስትንገላታ አይቻለሁ፤ ሠራተኛን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው የከፋላ ሕግ ከየትኛውም ሃይማኖት በላይ በሰው ላይ ይጨክናል። የእኔ ቤት ግን ቤቴ ነበር።

ስለ ነፍስ የጠየቅኸው፣ ወንድሜ፣ እዚያ ወሬው ብዙ ነው። አራት ዓመት የሆነው ልጅ «ቤቴ ይህ አይደለም፤ የእኔ ቤት ደጃፍ ላይ የበለስ ዛፍ አለ» ብሎ ሰዎችን መርቶ ሌላ መንደር እንደወሰዳቸው ጎረቤቶቻችን ይናገሩ ነበር። እንዲህ ሲናገር «ኑጥቅ» ይሉታል። የሞተበት ቤተ ሰብ ልጁን ይቀበለዋል፤ በዓል ሲሆን ስጦታ ይልኩለታል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አላምንበትም። ግን ልጇ የሞተባት እናት ያንን ሕፃን ስታቅፈው ያየሁትን ልረሳው አልችልም።

ዲያቆን ዘደብረ ማርቆስ

እህቴ ወለተ ስደት፣ እንኳን በሰላም ለአገርሽ በቃሽ። የጻፍሽው ልብ ይነካል። እኔ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህ አል ሐኪም የሚባለው ኸሊፋ በ1009 ኢየሩሳሌም የሚገኘውን የጌታችንን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ያፈረሰ ሰው ነው። የግብፁን ሊቀ ጳጳስ አባ ዘካርያስን ለአንበሳ አስጥሎ እግዚአብሔር እንዳዳነው የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ትመሰክራለች። ሙቀጠም የሚባለውም ኮረብታ በእኛ ዘንድ የሚታወቀው ስምዖን ጫማ ሰፊው በጸሎቱ ተራራ ያፈለሰበት ሆኖ ነው። እንዲህ ያለውን ገዥ አምላክ ማድረግ እንዴት ይቻላል? ነፍስም አንድ ጊዜ ትኖራለች፣ ከዚያ በኋላ ፍርድ ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመንቀፍ ሳይሆን እምነቴ ስለሆነ ነው።

የታሪክ መምህር (ደሴ)

ዲያቆን፣ የተናገሩት ታሪክ እውነት ነው፤ አልሸፍነውም። በዚያ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ፈርሰዋል፣ ብዙ ሰው በግድ ሃይማኖቱን ለውጧል። ያው ሰው በንግሥናው መጨረሻ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ በግድ የሰለሙትም ወደ ክርስትናቸው እንዲመለሱ ለቅቋቸዋል።

ድሩዞች ስለ እሱ የሚሉትን በትክክል እናስቀምጥ። አምላክ በሰው ሥጋ ውስጥ ገባ አይሉም። መስታወት ፊት የቆመ ሰው መልኩ በመስታወቱ ይታያል እንጂ መስታወቱ ውስጥ አይገባም፤ መለኮትም በአል ሐኪም የታየው እንዲሁ ነው ይላሉ። ተቀበሉትም አልተቀበሉትም፣ ስንነቅፍም ያሉትን እንንቀፍ።

ለእርስዎ ለዲያቆኑ ቅርብ የሚሆን ሌላ ነገር ልጨምር። ከነቢያት ሁሉ ይበልጥ የሚያከብሩት ነቢዩ ሹዐይብን ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የምድያም ካህን፣ የሙሴ አማት ዮቶር የሚባለው። መቃብሩ ነው የሚሉት ከጥብርያዶስ በስተ ምዕራብ ሒጢን ላይ ነው፤ ሳላሐዲን በ1187 የመስቀል ጦረኞችን ድል ያደረገበት ቦታ አጠገብ። ከሚያዝያ 25 እስከ 28 ድረስ ለዚያራ ይሰበሰባሉ፤ ወደ ድሬ ሼኽ ሑሴን የወጣ ሰው ቢያይ አይገርመውም።

ጥላሁን ዘኮሎኝ

መምህር፣ ፈቃድዎ ከሆነ ስለ ሶርያዎቹ እኔ ልናገር። የምኖረው ጀርመን ነው፤ ጎረቤቴ ደቡብ ሶርያ ካለችው ከሱወይዳ የመጣ ድሩዝ ነው። ድሩዞች ከሚኖሩባቸው አገሮች ሁሉ ሕዝቡ የሚበዛው ሶርያ ነው፤ በዓለም ላይ በጠቅላላው ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋሉ። ወደ ሱወይዳ ተራራ ብዙዎቹ የተሻገሩት ከሊባኖስ ነው። መጀመሪያ በ1711 ዐይን ዳራ ላይ እርስ በርስ ተዋግተው የተሸነፈው ወገን ተሰደደ። እንደገና በ1860 ከማሮናይት ክርስቲያኖች ጋር ከተደረገው እልቂት በኋላ ብዙ ሰው ተሻገረ።

ጎረቤቴ ቤት ግድግዳ ላይ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ብቻ ነው የተሰቀለው፤ ሱልጣን አል አጥረሽ። ታሪኩን እንዲህ ነገረኝ። በ1922 አድሃም ኸንጀር የሚባል ከደቡብ ሊባኖስ የመጣ ሺዓ ፈረንሳዮች ይፈልጉት ነበርና ሸሽቶ ቁረያ ወደምትባለው መንደር፣ ወደ ሱልጣን ቤት መጣ። ሱልጣን አልነበረም። ፈረንሳዮች እንግዳውን ይዘው ወሰዱት። ሱልጣን ሲመለስ «ከቤቴ የተወሰደውን እንግዳዬን መልሱልኝ» አለ፤ እምቢ አሉት። ጦር አነሣባቸው፤ እነሱም ቤቱን በአውሮፕላን ደበደቡት። አድሃም በኋላ ቤይሩት ላይ ተገደለ።

የሌላ ሃይማኖት ሰው፣ የማያውቁት፣ አንድ ሌሊት እንኳን ያላደረ እንግዳ! ቤት ንብረት የሚከፈልበት እንግዳ! እኛ «የእግዜር እንግዳ» የምንለው ቃል ይህን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1925፣ ያው ሱልጣን ታላቁን የሶርያ አመፅ መራ። በሐምሌና በነሐሴ አል ከፍርና አል መዝረዓ ላይ የፈረንሳይን ጦር መታ። የአመፁ መፈክር «ሃይማኖት ለእግዚአብሔር፣ ሀገር ለሁሉም» የሚል ነበር። ጎረቤቴ ይህን በዐረብኛ ሲነግረኝ «ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» ብዬ ያደግሁበትን ቃል ተረጎምሁለት፤ ተነሥቶ ሳመኝ። ታዋቂዎቹ ዘፋኞች ፈሪድ አል አጥረሽና እኅቱ አስመሃንም ከዚህ ዘር ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ ልቤ ይከብዳል። በሐምሌ 2018 ራሱን እስላማዊ መንግሥት የሚለው ቡድን ሱወይዳን አጥቅቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ገደለ። በሐምሌ 2025 ደግሞ በድሩዝና በቤዱዊን ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ግጭት ላይ የመንግሥት ወታደሮች ገቡበት፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በሁለቱም ወገን ንጹሐን ሞተዋል፤ ቤዱዊኖችም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ጎረቤቴ ግን በስልኩ ላይ እየደጋገመ ያይ የነበረው አንድ ምስል ነው፤ ታጣቂዎች የአንድ ሽማግሌን ሪዝ በግድ ሲላጩ። ለድሩዝ ሽማግሌ ሪዝ ክብሩ ነው። «ቢገድሉት ይሻል ነበር» አለኝና ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ናሁሠናይ

ይቅርታ አድርጉልኝና የልጅ ጥያቄ ነው። ድሩዝ መሆን የሚፈልግ ሰው ምን ያደርጋል? ድሩዝ ማግባትስ ይቻላል?

የታሪክ መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ በሩ በ1043 ተዘግቷል አልሁህ። ከውጭ ያገባም ከማኅበሩ ይለያል፤ ልጆቹም ድሩዝ አይባሉም። ሁለት ሚስት ክልክል ነው። የፈታት ሚስቱንም መልሶ ሊያገባት አይችልም፤ ስለዚህ ፍቺ የሚናገር ሰው ቃሉን ሁለት ጊዜ ያስባል።

ዘቀርሜሎስ (ሐይፋ)

መምህር፣ እህቴ ወለተ ስደት፣ ጥላሁን፣ ዲያቆን፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሥር ዓመት ያላወቅሁትን በሁለት ቀን አስተማራችሁኝ።

ስለ እስራኤሎቹ የማውቀውን እኔ ልጨምር። ከጎላኖቹ ጋር ሲቆጠሩ ወደ 150 ሺህ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ በገሊላና በቀርሜሎስ መንደሮች ነው የሚኖሩት። ወንዶቹ ከ1956 ጀምሮ በግዴታ ውትድርና ያገለግላሉ፤ ሴቶቹ አይጠሩም። በ2018 እስራኤል የአይሁድ ሕዝብ አገር መሆኗን የሚደነግገው ሕግ ሲወጣ ጓደኛዬ ቴል አቪቭ ወጥቶ በድሩዝ ባንዲራ፣ ባለ አምስት ቀለሙ፣ ተሰለፈ። «አብሬ ልሙት እንጂ እኩል ልኑር አይባልም?» ያለኝን አልረሳውም። እኔ ጥቁር ቆዳ ይዤ በዚህ አገር ስላደግሁ ከማንም ይበልጥ ገባኝ።

ከሶርያ የተያዘው የጎላን ኮረብታ ድሩዞች ሌላ ናቸው። ከ1967 ጀምሮ በእስራኤል እጅ ናቸው፤ በ1981 የእስራኤል ሕግ በላያቸው ሲታወጅ መታወቂያውን አንቀበልም ብለው በ1982 ለወራት ሥራ አቆሙ። አብዛኞቹ እስከ ዛሬ የእስራኤል ዜግነት አልወሰዱም። መጅደል ሸምስ የምትባል የጎላን መንደር አንድ ቁልቁለት አለ፤ እናት ከድንበሩ በዚህ፣ ልጅ በዚያ ቆመው በድምፅ ማጉያ እየተጣሩ ሰላምታ ይለዋወጡበት ነበር። ያቺው መጅደል ሸምስ ናት በሐምሌ 2024 ሮኬት ወድቆ ኳስ ሲጫወቱ የነበሩ 12 ልጆች ያለቁባት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የፊታችን ሐሙስ ወደ እናትየዋ እመለሳለሁ። ባዶ እጄን መሄድ አልፈልግም። ገንዘብ በፖስታ ልያዝ? በእኛ ለቅሶ ቤት የሚደረገው ይህ ነው።

ወለተ ስደት

ገንዘብ አትያዝ፣ ወንድሜ። ዑቃል ከሆኑ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ስለማያውቁ ይጨነቃሉ፤ እምቢ ማለቱም ያሳፍራቸዋል። መጠጥም አይሆንም። ሐሙስ ማታ ኸልዋ ስለሚሄዱ ከሰዓት በፊት ድረስ።

ቡና ያዝላቸው። ጥሬውን ሳይሆን እናትህ ቆልታ ወቅጣ፣ የት እንደበቀለ ነግረህ ስጣቸው። የእኔዋ እናት የላክሁላቸውን የይርጋ ጨፌ ቡና የከፈቱ ቀን ስልክ ደውለው «ቤቱ አንቺን አንቺን ሸተተኝ» ብለውኛል።

ስለ ልጁ እነሱ ካላነሡ አታንሣ። ማቴ ከቀረበ በሎሚ እስኪጠረግ ጠብቅ፤ ቀሰሙን አንተ በእጅህ አታንቀሳቅሰው። እስከ መጨረሻው ጠጥተህ ቅሉን ለሰጡህ ሰው መልስ። ምናልባት ይመርርሃል። ሁለተኛው ዙር ላይ ትለምደዋለህ።